ለድምፅ መታመን

ታማኝነት በቋንቋችን ከባድ ቃል ነው። ለባልና ለሚስት፣ ለአገርና ለዜጋ፣ ለአደራ ሰጪና ለአደራ ተቀባይ እንናገረዋለን። ይህንኑ ቃል ለግዑዝ ዕቃ ሲናገሩት መስማት ለጆሮ እንግዳ ይመስላል። ሆኖም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃን በቤት ውስጥ የሚያሰሙ መሣሪያዎችን የሠሩ ባለሙያዎች የድካማቸውን መጨረሻ የሰየሙት በዚሁ ቃል ነበር። «ሃይ ፋይ» እያልን በአጭሩ የምንጠራው ሐረግ ትርጉሙ «ከፍተኛ ታማኝነት» ነው። ለመሆኑ መሣሪያ የሚታመነው ለማን ነው? ለዘፋኙ ነውን? ለአድማጩ ነውን? ወይስ በሁለቱ መካከል ላለው ሸክላ? ጥያቄው የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በራሴ ሥራ ላይ እስኪደርስብኝ ድረስ።

ነገሩን በሥርዓት ለመመርመር በቅድሚያ ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቫልቭ የምንለው አየሩ የወጣለት የብርጭቆ አምፑል ነው። በውስጡ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖድ የተባለው ሳህን ደግሞ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ይህን ባለ ሁለት ክፍል ቫልቭ በ1904 የሠራው እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 በሁለቱ መካከል ወንፊት መሰል ሽቦ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ በወንፊቱ ላይ የምታርፍ ደካማ የድምፅ ምልክት ብርቱውን የኤሌክትሮን ጎርፍ እንደ በር ጠባቂ ትከፍተውና ትዘጋው ጀመር። አምፕሊፋየር የተባለው መሣሪያ የተወለደው ከዚህ ነው።

ነገር ግን ቫልቭና ስፒከር በጠባያቸው አይገናኙም። ቫልቭ የሚሰጠው ብዙ ቮልትና ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ስፒከር የሚፈልገው ደግሞ ጥቂት ቮልትና ብዙ ፍሰት ነው። ስለዚህ በመካከላቸው እንደ አስታራቂ ሽማግሌ የሚቆም ትራንስፎርመር አለ። በአሮጌ አምፕሊፋየር ጀርባ 4፣ 8 እና 16 ኦም የሚሉ ቁጥሮች የተጻፈባቸው መያዣዎች የምናየው ስለዚህ ነው። ስፒከሩ ለተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ስንት እንደ ሆነ ታውቆ ሽቦው በልኩ መያዣ ላይ መታሰር አለበት። ይህች የሽቦ ነገር ኋላ ስለምትመጣ አንባቢ ልብ ይበላት።

የስፒከር ሠሪዎችም አንድ መንገድ አልያዙም። ፖል ክሊፕሽ በ1946 በአርካንሳስ በሆፕ ከተማ ድርጅቱን አቋቁሞ ያቀረበው ክሊፕሽሆርን የተባለ ስፒከር የጡሩንባ ጠባይ አለው። በክፍሉ ማእዘን ይቆምና ሁለቱ ግድግዳዎች የጡሩንባውን አፍ ያራዝሙለታል፤ በዚህም ምክንያት ከጥቂት ኃይል ትልቅ ድምፅ ያወጣል። በ1954 በማሳቹሴትስ ኤድጋር ቪልቹርና ሄንሪ ክሎስ የመሠረቱት አኮስቲክ ሪሰርች ግን የተለየ መንገድ ተከተለ። በጥብቅ በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ ተጠቅሞ፣ ቁም ሣጥን ከሚያህል ስፒከር ብቻ ይጠበቅ የነበረውን ጥልቅ ድምፅ ከመደርደሪያ ላይ አወጣው። ዋጋው በኃይል ተከፈለ።

የዋጋው ልክ በቀላል ሒሳብ ይታያል። ድምፅን በሦስት ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከርና በአንድ ዋት 85 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር እኩል ይሰሙ ቢባል፣ ለመጀመሪያው አንድ ዋት ሲበቃው ሁለተኛው 32 ዋት ያህል ይጠይቃል። ስምንት ዋት ያላት ትንሽ አምፕሊፋየር ከመጀመሪያው ጋር ስትጋባ ጌታ ናት፤ ከሁለተኛው ጋር ስትጋባ ለማኝ ትሆናለች። ዴቪድ ሃፍለር በዳይናኮ ስም በ1959 ያወጣው ስቴሪዮ 70 ለእያንዳንዱ ጎን 35 ዋት ስለ ነበረው ለኃይል ፈላጊዎቹ ስፒከሮች ደረሰላቸው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የኳድ መሥራች ፒተር ዎከር በ1953 ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር፣ በ1957 ደግሞ በኤሌክትሮስታቲክ ኃይል የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን ያለው ስፒከር ለገበያ አቀረበ። ሁለቱ ድስትና ግጣም ሆኑ። ለዚያ ስፒከር ከመጠን ያለፈ ኃይል መስጠት ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ስሱ ሽፋን በብልጭታ ተበስቶ ሊበላሽ ይችላል። እንግዲህ «የትኛው አምፕሊፋየር ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ «ከማን ጋር?» የሚል ካልተጨመረበት መልስ የለውም።

እስከዚህ ያለው የመግጠም ጥያቄ ነው። የእውነት ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል። ቫልቭ ድምፅን ሲያጎላ ከራሱ ጥቂት ይጨምራል። አንድ ኖታ ሲገባበት፣ በተለይ በነጠላ ቫልቭ በሚሠሩት ዘንድ፣ ከኖታው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ሌላ ቀጭን ድምፅ አብሮ ይወጣል። ኦክታቭ ከወላጁ ጋር የሚጣላ ድምፅ አይደለም፤ ስለዚህ ጆሮ ስሕተት አይለውም፤ «ሙቀት»፣ «ለዛ»፣ «ሙላት» ይለዋል። በዘመናችን አሮጌውን ቫልቭ እየፈለጉ በውድ ዋጋ የሚገዙት ሰዎች ከሚያወድሱት ነገር አንዱ ይህ ነው። ሆኖም የቫልቭ አምፕሊፋየርን ለከፍተኛ ደረጃ ያበቁት ሰዎች ራሳቸው ይህን ሙቀት እንደ ጉድለት ቈጥረው ሲዋጉት ኖረዋል። ሃሮልድ ብላክ በ1927 ከመውጫው ድምፅ ከፊሉን ገልብጦ ወደ መግቢያው በመመለስ መሣሪያው ራሱን እንዲያርም የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። ሃሮልድ ሊክ በ1945 የመሣሪያውን ስሕተት ከመቶ ወደ አንድ ዐሥረኛ አወረድሁ ብሎ ለአምፕሊፋየሩ ስም አደረገው። ዊልያምሰን በ1947 በ«ዋየርለስ ወርልድ» መጽሔት ያሳተመው ንድፍም የታለመው ለዚሁ ነበር። አባቶቹ ሊያጠፉት የደከሙለትን የልጅ ልጆቹ እንደ ቅርስ ይፈልጉታል።

ታዲያ ደስ የሚል ስሕተት ሐሰት ነውን? ሁለት የታሪክ አጋጣሚዎች ለጥያቄው ብርሃን ይሰጣሉ። ከ1915 ጀምሮ የኤዲሰን ኩባንያ አዳራሽ እየሞላ ሕዝቡ ዘፋኙን ከሸክላው መለየት ይችል እንደ ሆነ ይፈትን ነበር። ዘፋኟ ትዘፍናለች፣ መሣሪያው አብሯት ይዘፍናል፣ መካከል ላይ እርስዋ ዝም ትላለች፤ ብዙ ሰው ልዩነቱን ሳያውቅ ይቀራል። በዚህ ፈተና ከታወቁት አንዷ አና ኬዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ተናገረችው፣ ድምፅዋን ከመሣሪያው ድምፅ ጋር እንዲመሳሰል አድርጋ ትዘፍን ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ አኮስቲክ ሪሰርችና ዳይናኮ ተመሳሳይ ትዕይንት አቀረቡ። የፋይን አርትስ ኳርቴት ሙዚቀኞች በመድረክ ላይ ሲጫወቱ ቆይተው ቀስታቸውን በባዶ እያንቀሳቀሱ ድምፁ ከስፒከሮቹ ይወጣል፤ አድማጩም አብዛኛውን ጊዜ መተካካቱን አላስተዋለም። ሁለቱም ትዕይንት ነው፤ ሁለቱም ሰውን ያስደንቃል። ነገር ግን በኋለኛው መሣሪያው ወደ ሰው እንዲደርስ ተደክሟል። በፊተኛው ሰው ወደ መሣሪያው ዝቅ ብላለች። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ይህ ልዩነት አይሰማም። ልዩነቱን የምታውቀው ዘፋኟ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተውኔት ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት መብራት ይጠፋና በጨለማው ውስጥ የአንዲት አልቃሽ ሙሾ ይሰማል። ሙሾው የእውነት ነው። በሰፈራችን የታወቁ አንዲት እናት በአንድ ለቅሶ ቤት ሲያወርዱ በካሴት የተቀዳ ነው፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ካሴቱን በአደራ የሰጠችኝ ልጃቸው ናት። አዳራሹ ትንሽ ነበር። አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰውን ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር አመጣልኝ፤ ከሌላ ዘንድ ጥንድ አሮጌ የቤት ስፒከር ተዋስን። በልምምዱ ዕለት ቫልቮቹ ቀልተው ድምፁ ሲወጣ ሁላችንም ጸጥ አልን። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ክብ ነበር፤ ከጥልቅ ቦታ ይመጣ ነበር። ተዋንያኑ አለቀሱ። በየምሽቱም ተመልካቹ አለቀሰ። እኔም ረካሁ።

በመጨረሻው ምሽት ልጃቸው መጥታ ነበር። ሰው ከወጣ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እማዬን አስታወሳችኋት» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ግን እማዬ ስታለቅስ እንዲህ አታምርም ነበር» አለች።

ቤቴ ገብቼ ካሴቱን በተራ ትንሽ ማጫወቻ ሰማሁት። ጉሮሯቸው ይሻክራል። በየስንኙ መጨረሻ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ ትንፋሽ ያጥራቸውና አየሩን በጉልበት ይስቡታል። ያ ሁሉ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። በማግሥቱ ራዲዮ በመጠገን ያረጁ አንድ ባለሙያ ዘንድ መሣሪያውን ወሰድሁት። ገልብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ስፒከርህ 4 ኦም ነው፤ ያሰርከው 16 ላይ ነው» አሉኝ። እንዳስረዱኝ፣ ልኩን የሳተ አምፕሊፋየር በስፒከሩ ወረቀት ላይ ያለው ልጓም ይላላል፤ ስሕተቱም ይበዛል። ተቃውሞው ከፍ በሚልበት በወፍራሙ ድምፅ በኩል ያብጣል፣ ተቃውሞው ዝቅ በሚልበት በኩል ይሟሽሻል። በዚያ ስፒከር ላይ የሟሸሸው ሻካራውና ትንፋሹ የሚገኙበት የላይኛው ክፍል ነበር። ሽቦውን ፈትተው ወደ 4 አዛወሩት። በዚያው ቫልቭ፣ በዚያው ስፒከር፣ የሴትዮዋ ጉሮሮ ተመለሰ።

ከዚህ የተማርሁት አስቀድሞ ቫልቭን ለመውቀስ የቸኰልሁት ያለ አግባብ መሆኑን ነው። ጥፋቱ በአምፕሊፋየሩ አልነበረም፤ በስፒከሩም አልነበረም። ሁለት መልካም ነገሮች ያለ ልካቸው ሲጋቡ በመካከላቸው የተወለደ ነበር። ነገር ግን ነገሩን እዚህ ላይ ብዘጋው ራሴን ነፃ ማውጣቴ ነው። ካሴቱን ከልምምዱ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሻካራው መጥፋቱን በልምምዱ ዕለት አውቄያለሁ፤ አውቄም ደስ ብሎኛል። ሽቦው በስሕተት ታሰረ፤ ደስታው ግን የስሕተት አልነበረም።

«ፍጹም ታማኝነት የት አለ?» የሚል ተከራካሪ እንዳለ አውቃለሁ። ማይክሮፎኑ ይመርጣል፤ ክሩ ይመርጣል፤ የክፍሉ ግድግዳም የራሱን ይጨምራል፤ ጆሮም ከልማዱ ጋር ይሰማል። ታዲያ ሁሉም ከጨመረ የቫልቭ ለዛ ብቻ ለምን ይወቀሳል? ክርክሩ እውነት አለው፤ የሚያደርሰው ግን ተከራካሪው ወዳሰበው ቦታ አይደለም። የተሰጠውን አደራ ሳይጎድል መመለስ ያቃተው ሰው «ሁሉም ይጎድላል» ብሎ ዝም ካለ አደራ በላ ይሆናል፤ «ይህን ያህል ጎድሏል» ብሎ ከተናገረ ግን ታማኝነቱ አልፈረሰም። ፍጹም መሆን አለመቻላችን ሒሳብ ከማቅረብ አያድነንም።

ስለዚህ ሁለት አድማጮችን መለየት ያሻል። አንዱ ማታ በቤቱ ተቀምጦ የወጣትነቱን ሸክላ በቫልቭ የሚሰማ ሰው ነው። ከትክክለኛው ይልቅ ሞቅ ያለውን ቢወድ ማንንም አልበደለም፤ ወጡን በቅመም የሚወድ ሰው ሐሰተኛ አይባልም። ባለቅኔም ቃሉን ያስጌጣል፤ ጌጡ የራሱ ነውና። ሁለተኛው የሌላውን ሰው ድምፅ ተቀብሎ «እነሆ፣ እርስዋ ናት» እያለ ለሕዝብ የሚያቀርብ ነው። የዚህኛው ሥራ አደራ ነው። የአልቃሿን ሻካራ ጉሮሮ ባለሰልሰው ጊዜ ያስጌጥሁት የራሴን ስንኝ አልነበረም። ለሟች ብለው የቧጠጡትን ጉሮሮ ወስጄ ለእኔ ተውኔት ጭብጨባ አደረግሁት። ጸሐፊ፣ አዘጋጅ፣ የታሪክ መዝጋቢ፣ የገበሬውን ወይም የእናቲቱን አንደበት በሥራው የሚያስገባ ሁሉ ይህ ፈተና አለበት። ሕዝቡ ካለቀሰ ሥራው የተሳካ ይመስላል፤ እንባ ግን የመጣው ከየትኛው መያዣ እንደ ሆነ አይናገርም።

ተውኔቱ ዳግመኛ በታየ ጊዜ ያንኑ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር፣ ከዚያው ስፒከር ጋር፣ ሽቦውን በልኩ አስሬ ተጠቀምሁበት። ያለቀሰው ሰው ከፊተኛው አነሰ። አንዳንዱ በመቀመጫው ተቁነጠነጠ፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሰው ሙሾው ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ። ልጃቸው ከኋላ በር አጠገብ ነበረች። ድምፁ ሲጀምር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች፤ እስኪያልቅም ድረስ ቆማ ሰማች።