ጣዝማ እና የመግቦት ጥያቄ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ባሉ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች የጣዝማ ማር ከምግብነቱ ይልቅ በመድኃኒትነቱ የሚፈለግ ሲሆን፣ ለሳል የሚወስደው ሰው ፕሮቴስታንትም ይሁን ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ፈውሱን የሚጠብቀው ከፈጣሪ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በበኩላቸው የዚህን ማር ኃይል በከፊል ከንቧ እጢ፣ ማለትም ልዩ ፈሳሽ ከሚያመነጭ የአካል ክፍል፣ ጋር ያያይዙታል። እጢው ከታወቀ ለፈጣሪ ምን ይቀራል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ጣዝማ መንደፊያዋ ከጥቅም ውጭ የሆነ፣ ጎጆዋን ከመሬት በታች የምትሠራ ንብ ናት። ሠራተኛዋ ከአበባ የቀሰመችውን ፈሳሽ ስታብላላ በራሷ ውስጥ ያሉት እጢዎች ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ይጨምሩበታል፤ ከእነዚህም ኢንቨርቴዝ የተባለው ሱክሮስን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲከፍል፣ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ደግሞ ከግሉኮሱ አሲድና ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስገኛል፤ ይህም ቁስል ለማጠብ የሚያገለግለው ፈሳሽ ራሱ ነው።

ከማሩም ይልቅ የሚያስደንቀው የእጮቹ አመጋገብ ነው። ሠራተኞቹ ከሰምና ከሙጫ ትንሽ ክፍል ሠርተው የእጢያቸውን ፈሳሽ ከማርና ከአበባ ብናኝ ጋር ይሞሉባታል፤ ንግሥቲቱ በምግቡ ላይ አንድ እንቁላል እንደጣለች ክፍሏ ትታሸጋለች። የተራዋን ንብ እጭ ሞግዚቶቿ እየተመላለሱ ሲመግቧት፣ የጣዝማ እጭ ግን ከመፈልፈሏ በፊት በተሰናዳላት ስንቅ ብቻ ታድጋለች። የሃይማኖት መምህራን መግቦት የሚሉት፣ ፈጣሪ ለፍጥረቱ አስቀድሞ የሚያደርገው ዝግጅት፣ እዚህ በእጢ ይፈጸማል እንጂ በእጢ አይሻርም፤ ፈጣሪን ምክንያቱ ባልታወቀ ነገር ውስጥ ብቻ የሚፈልግ እምነት ግን አንድ ነገር በተመረመረ ቁጥር መደንገጡ አይቀርም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ማሩ የፈጣሪ ስጦታ ነው የሚል ቆፋሪ ስጦታው በብዙ ሺህ ሠራተኞች አካል በኩል መምጣቱን ካወቀ፣ ምስጋናውን ወደ ሰማይ ልኮ ጎጆውን ማፍረሱ የሚጸድቅ አይመስልም። ማሩ የሚጠራቀምባቸው እንክብል ማሰሮዎችና የእጮቹ ክፍሎች ለየብቻ ስለሆኑ፣ ጥንቃቄ ያለው ሰው ከማሩ ከፊሉን ወስዶ እጮቹን ሳይነካ ጉድጓዱን መልሶ መክደን ይችላል፤ ክፍት ትቶት የሚሄደው ግን ጎጆውን ለጉንዳን አሳልፎ ይሰጣል።