የተረፈችው ደቂቃ የማን ናት?

ብክነት ይጥፋ ሲባል የሚከራከር የለም። ጃፓናዊው ታይቺ ኦኖ በቶዮታ ፋብሪካ የዘረጋው አሠራር ሰባት ዓይነት ብክነት ይቆጥራል፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ ሥራ ፈትቶ መጠበቅና አላስፈላጊ እንቅስቃሴ ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። ጥያቄው ግን ብክነቱ ሲወገድ የተረፈችው ደቂቃ ለማን ትገባለች የሚለው ነው።

ጋዜጠኛው ሳቶሺ ካማታ በ1972 እ.ኤ.አ. እዚያው ፋብሪካ በጊዜያዊ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ያየውን በማግስቱ ዓመት በመጽሐፍ አውጥቷል። በእርሱ ምስክርነት የምርት መስመሩ ይፈጥናል እንጂ ሠራተኛው አያርፍም።

ያው አሠራር ለተራው ሠራተኛ ትልቅ ሥልጣን መስጠቱም አይካድም፤ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል። ይሁንና ገመዱ የተሰቀለው ለመኪናው ጉድለት ነው። ለሰው ድካምስ የቱ ገመድ ይሳባል?

ካይዘን ወደ አገራችንም ገብቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው። የተዝረከረከ መጋዘን ማስተካከል፣ የሠራተኛን ከንቱ ምልልስ ማሳጠር መልካም ሥራ ነው። ግን ከተረፈችው ደቂቃ ሠራተኛው በደመወዝም ሆነ በፋታ ድርሻውን ካላገኘ፣ ጠፋ የተባለው ብክነት የእርሱ ዕረፍት ነበር ማለት ነው።