የሁለት ሰው ሒሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስበር የደረሰኝ መሃለኛው ወንበር ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ወጣት ቀድሞኝ ገብቶ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኗል። በመተላለፊያው በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው። «ሰው ባይመጣበት እንዴት በተመቸኝ!» እያልኩ ስመኝ፣ ነጠላ የተከናነቡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት እያለከለኩ መጡ። ሰፊ ሴት ናቸው። ሲቀመጡ በመሃላችን ያለው የክንድ መደገፊያ አልወርድ አለ። ቀበቶውም አልደርስ ብሎ አስተናጋጇ ማራዘሚያ አመጣችላቸው፤ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ከነጠላቸው ሥር ሸሽገው አሰሩት።

«ይቅርታ ልጄ፣ አጣበብኩህ» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አይደል እናቴ!» አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር። አውሮፕላኑ እንደተነሳ አስተናጋጇን አስቁሜ ሌላ ወንበር እንድትፈልግልኝ ለመንኳት። እሳቸው እንዳይገባቸው ብዬ በእንግሊዝኛ ነው ያወራኋት። ግን እጄ አላርፍ አለና ምን ያህል ወደ እኔ እንደገቡ በሁለት መዳፌ ለክቼ አሳየኋት። አፌ በእንግሊዝኛ ቢናገርም እጄ የተናገረው በአማርኛ ነበር። አስተናጋጇ «አውሮፕላኑ ሙሉ ነው፣ አዝናለሁ» ብላኝ ሄደች።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሴትየዋ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ መተላለፊያው አዘመሙ። የምግቡ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ትከሻቸውን ይገጫቸዋል። ምግብ ሲመጣ ጠረጴዛው አልዘረጋላቸው ስላለ «ጾም ነኝ» ብለው መለሱት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የጾም ወቅትም አልነበረም። ውኃም ሲሰጧቸው ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ተዉት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ሽንት ቤት ላለመሄድ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ዞር ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ነው የምሄደው። ትኬቱን ስትገዛ ‹እማዬ፣ ሁለት ወንበር ልግዛልሽ?› ብትለኝ ተቆጣኋት። ለአንድ ሰው ሁለት ትኬት? ደግሞም ገንዘቡን ከየት ታመጣዋለች? እንዲህ መሆኑን ባውቅ አንተን ባላስቸገርኩህ።»

ምን ብዬ ልመልስ? ተኝቼ መሰልኩ።

ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ገላው ከአንድ ወንበር የሚያልፍ ሰው ሁለት ወንበር እንዲገዛ መገደድ አለበት ወይ?

መጀመሪያ ለራሴ ጥብቅና ልቁም። እኔ የአንድ ሙሉ ወንበር ዋጋ ከፍያለሁ፤ የተቀመጥኩት ግን በሦስት ሩቡ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ጠምዝዤ አሳልፌያለሁ። «ቻለው፣ እናትህ ማለት ናቸው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ደግነት ደግነት የሚሆነው ሰጪው ወዶ ሲሰጥ ነው። ሳይጠየቅ ሩብ ወንበሩን የተወሰደበት ሰው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። እንግዲህ ቅሬታዬ ልክ ነበር። ስህተቱ ቅሬታውን ያቀረብኩበት ቦታ ነው።

ሌላም ክርክር አለ። ቦሌ የሻንጣ ሚዛን ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሻንጣዎ ሁለት ኪሎ አለፈ ተብለው፣ በሕዝብ ፊት ዚፑን ከፍተው፣ በርበሬውን አውጥተው ለሸኚ ዘመድ ሲያስረክቡ፣ ከፊትዎ የቆመውን ግዙፍ ሰውዬ አይተው «እኔና ሻንጣዬ ተደምረን እሱን አናህል!» ይላሉ። ይህን ሐሳብ ከምሬት አልፎ ሥራ ላይ ያዋለ ድርጅት ነበር። ሳሞአ ኤር የተባለው የፓስፊክ ደሴት አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 መንገደኛውን ከነሻንጣው መዝኖ በኪሎ ማስከፈል ጀምሮ ነበር። አውሮፕላኖቹ ጥቂት ሰው የሚጭኑ ትንንሾች ነበሩ። በእንዲህ ያለ አውሮፕላን ኪሎ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 አሜሪካ ሻርሎት ከተማ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሲነሳ ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት 21 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በምርመራው የጥገና ስህተት ተገኘ፤ ከዚያ ጋር ተደርቦ ግን ጭነቱ በተገመተው አማካይ የሰው ክብደት ስለተሰላ አውሮፕላኑ ከልኩ በላይ ከብዶ ነበር። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አየር መንገዶች የሚያሰሉበትን አማካይ ክብደት ከፍ አደረገው።

ስለዚህ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሰው ይመዘን ቢባል ይገባኛል፤ የነፍስ ጉዳይ ነው። እኔና እናታችን የተቀመጥንበት ግን መቶዎችን የሚያጓጉዝ ትልቅ ጄት ነው። እዚያ ውስጥ የእሳቸው ኪሎ ከአማካዩ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ደግሞም ሻንጣ ሲከብድ ዕቃ ይቀነሳል፤ ሰው ግን ገላውን ለሸኚ ዘመድ አደራ ሰጥቶ አይሳፈርም። እኛን ያጣላን ኪሎ ሳይሆን ሴንቲሜትር ነበር።

ሴንቲሜትሩን ማን ወሰነው? እኔም አልወሰንኩም፣ እሳቸውም አልወሰኑም። በተራው ክፍል የተለመደው ወንበር ስፋቱ ከ43 እስከ 46 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የመንገደኞች ማኅበር በወንበሮች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ከ89 ወደ 79 ሴንቲሜትር ወርዷል፣ የወንበሩም ስፋት ጠብቧል ብሎ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን ከስሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባለሥልጣኑ የማኅበሩን አቤቱታ እንደገና እንዲያየው አዘዘ። በ2018 ደግሞ የአገሪቱ ምክር ቤት ዝቅተኛ የወንበር ልክ ይውጣ የሚል ሕግ አጸደቀ። ባለሥልጣኑ ግን እስከ 2022 ድረስ የሕዝብ አስተያየት ከመጠየቅ አላለፈም። ማኅበሩ ይፍጠን ብሎ ቢከስም በ2023 ፍርድ ቤቱ አላስገድድም አለ።

ነገሩን ለእኛ ለታክሲ ልጆች ማስረዳት አይከብድም። ሚኒባስ ውስጥ «ፍቅር ካለ ታክሲ ባዶ ነው» የሚል ጥቅስ ተለጥፎ አይታችኋል። ከጥቅሱ ሥር ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሰው ይቀመጣል። ታዲያ አራተኛዋ ወፈር ያሉ እናት ከሆኑ ወያላው «ማዘር፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ?» ይላል። የተቀመጥነው ሦስታችንም አብረነው እንስቃለን። «ወንበሩ እኮ የሦስት ሰው ነው! ያጣበብከን አንተ ነህ» የሚለው ማንም የለም። ትርፉ የባለታክሲው፣ መጣበቡ የእኛ፣ ውርደቱ የእሳቸው። አውሮፕላን ላይም የተደረገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ወያላው ክራቫት ማሰሩ ብቻ ነው።

«ራሳቸው እኮ ናቸው በልተው የወፈሩት፤ ስለዚህ ይክፈሉ» የሚል ይኖራል። ውፍረት ከዘርም፣ ከበሽታም፣ ከመድኃኒትም፣ ከኑሮም፣ አዎ፣ ከመብላትም ይመጣል። የትኛው ከየት እንደመጣ ትኬት ቆራጩ እንዴት ብሎ ይለየዋል? እኛስ ብንሆን ከርሞ የመጣ ዘመድ ስናይ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል!» ብለን ስንመርቅ የኖርን ሰዎች አይደለን? ጎረምሳ ሆነው ሲከሱ ያዘንንላቸውን፣ ሲወፍሩ እልል ያልንላቸውን ሴት አውሮፕላን በር ላይ ስናገኛቸው ዳኛ እንሆናለን።

ካናዳ ይህን ክርክር በሌላ መንገድ ፈትታዋለች። የአገሪቱ የትራንስፖርት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በአገር ውስጥ በረራ በአካል ጉዳት ወይም አካል ጉዳት በሚያደርስ ከባድ ውፍረት ምክንያት ተጨማሪ ወንበር የሚያስፈልገው ሰው የሁለተኛውን ዋጋ እንዳይጠየቅ አዘዘ። ለአንድ ሰው አንድ ዋጋ ማለት ነው። አየር መንገዶቹ ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኛቸውን አላይም አለ። ኤጀንሲው ወጪው ለሁሉም መንገደኛ ቢከፋፈል በአንድ ትኬት ላይ የሚጨምረውን አስልቶ ነበር፤ በኤር ካናዳ 77 ሳንቲም፣ በዌስትጄት 44 ሳንቲም። አሜሪካ ያለው ሳውዝዌስት ግን መንገደኛው ሁለተኛውን ወንበር አስቀድሞ እንዲገዛ ያደርጋል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ገንዘቡን ለማስመለስ ከሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች ጋር በረራው ቢያንስ አንድ ባዶ ወንበር ይዞ መነሳት አለበት። ይኸኛው የዕድል ጨዋታ ነው፤ ገንዘብዎ መመለስ አለመመለሱን የሚያውቁት ከበረሩ በኋላ ነው።

«የሌላ ሰው ወንበር እኔ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለውን ጥያቄ አልንቀውም። መልሱን ግን ከካናዳ በፊት ዕድራችን ያውቀዋል። በዕድር ሁሉም እኩል ያዋጣል። ዘመዱ የበዛበት ቤት ድንኳኑን ደጋግሞ ያስተክላል፣ ሌላው ቤት ለዓመታት አንዴም አያስተክልም። «እኔ ቤት ሰው ስላልሞተ ገንዘቤ ይመለስ» ያለ የዕድር አባል ግን አላየሁም። የማዋጣው ለጎረቤቴ ብቻ አይደለማ! ነገ የኔ ተራ ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ዕድር ወደን የገባንበት ማኅበር ነው፤ አየር መንገድ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ ግዴታም ይጠይቃል። ሁለተኛ ወንበር የሚያስፈልገው ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ለበዓል ሁሉም ወደ አገሩ ሲጣደፍ፣ ለአንድ ሰው የተያዘው ተጨማሪ ወንበር ሌላውን እቤቱ ሊያስቀረው እንደሚችልም አልክድም። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው። ያም ሆኖ የአንዲት እናት ልክ በበረራ በሩ ላይ ወይም በአየር ላይ፣ በጎረቤቷ እጅ ከሚለካ፣ ትኬት ሲቆረጥ በአንድ መስመር ጥያቄ ያለ ምስክር ቢያልቅ ይሻላል። ሒሳቡንም ወንበሩን የለካው ይቻል፤ እሱም በትኬታችን ላይ ይበትነው።

ዋሽንግተን ስንደርስ ሻንጣቸውን ከላይ አወረድኩላቸው። ከእጅ ቦርሳቸው በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አውጥተው «እንካ፣ አንተም እኮ በደንብ አልበላህም» አሉኝ። ልክ ነው፣ አልበላሁም። እሳቸው ግን ጭራሽ አለመብላታቸውን እያወቅሁ ተቀበልኳቸው። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

እኔ በበኩሌ የሚጨመርብኝን ሳንቲም ለመክፈል ዝግጁ ነኝ። ለእሳቸው ስል ብቻ አይደለም። ሁለተኛ በእጄ ሰው እንዳልለካ ነው።