ጥሪን ማን ይፈትናል?

አንድ ሰው «እግዚአብሔር ጠርቶኛል» ሲል ምን እንመልስለታለን? ማስረጃ አምጣ ማለት ድፍረት ይመስላል። ዝም ብሎ «አሜን» ማለት ደግሞ የዋህነት ነው። ጥሪው የሚሰማው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው፤ መዘዙ ግን ለብዙ ሰው ይተርፋል። ያ ሰው ነገ ሟች ይቀብራል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ የሰው ምስጢር ይሰማል።

ጥያቄውን ያመጣብኝ አብሮኝ ምህንድስና የተማረ፣ አሁን አሜሪካ የሚኖር ጓደኛዬ ነው። በዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ለመሾም መንገድ ጀምሯል። «ፈጣሪ ከጠራኝ ኮሚቴ ምን አገባው?» አለኝ። እኔ ሜቶዲስት አይደለሁም፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

መንገዱ ረጅም ነው። እጩው ጥሪውን ለመጋቢው ይናገራል፤ አማካሪ ይመደብለታል። የሚያውቁት የአጥቢያው ሰዎች ድምፅ ይሰጡበታል። የወረዳ ኮሚቴ ይጠይቀዋል፤ የሥነ ልቦና ምርመራ አለ፤ የወንጀልና የብድር ታሪኩም ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የነገረ መለኮት ማስተርስ ይማራል፣ ከዚያ ቢያንስ 2 ዓመት በሙከራ ያገለግላል። በመጨረሻ ቦርድ ፊት ይቀርባል፣ ቀድመው የተሾሙት ድምፅ ይሰጡበታል፣ ጳጳሱ እጁን ይጭንበታል።

ከጆን ዌስሊ ዘመን ከወረዱት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ዕዳ ነው፤ ሥራህን የሚያሰናክል ብድር አለብህ ወይ? ስለ ፍጹም ፍቅር በሚጠየቅበት መድረክ ላይ ብድር መነሣቱ መጀመሪያ አሳቀኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ነው። አበዳሪውን የሚፈራ ሰው ለአበዳሪው እውነቱን አይነግረውም።

በኛ ሥራ ማንም የራሱን ኮድ ራሱ ገምግሞ አያጸድቅም። ሰውየው ስለማይታመን አይደለም፤ የገዛ ስህተትን ማየት ለሁሉም ስለሚከብድ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባል የለ? ጥሪም እንደዚያው ነው። ዝና መውደድ፣ ሥራ መሰልቸት፣ እናትን ማስደሰት፣ ሁሉም ልብ ውስጥ ሲገቡ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሊመስሉ ይችላሉ። ፍራንሲስ አዝበሪ ይህ የገባው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1784 ዌስሊ የአሜሪካ ሜቶዲስቶች የበላይ እንዲሆን ሲመርጠው፣ አብረውኝ የሚሰብኩት ካልመረጡኝ አልቀበልም አለ። ባልቲሞር ተሰብስበው መረጡት። በ3 ተከታታይ ቀናት ዲያቆን፣ ሽማግሌ፣ ከዚያም የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። የዛሬ እጩዎች ይህን ሲሰሙ ሳይቀኑ አይቀሩም።

ግን የኮዱ ምሳሌ እስከ መጨረሻው አይወስደንም። የተበላሸ ኮድ ቴስት ላይ ይወድቃል፤ ለጥሪ እንዲህ ያለ ቴስት የለም። ገምጋሚውም ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጃሪና ሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ልትሰብክ ፈቃድ ጠየቀች። ኋላ የአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ የሆነው ሪቻርድ አለን ከለከላት፤ ምክንያቱም የሥርዓት መጽሐፋችን ስለ ሴት ሰባኪ አይናገርም የሚል ነበር። ከ8 ዓመት ገደማ በኋላ ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሰባኪ መሀል ላይ ሲጠፋበት ተነሥታ ቀጠለችለት። አለን ያኔ ጥሪዋን መሰከረላት። ሹመት ግን እስክትሞት አላገኘችም። ዛሬ በዩናይትድ ሜቶዲስት ውስጥ ያለችው የያኔዋ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም ለሴቶች ሙሉ የአገልጋይነት መብት የሰጠችው በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ድምፁን የሰሙ ሴቶች አልነበሩም ብሎ የሚከራከር አለ?

ስለዚህ ለጓደኛዬ የምመልሰው ይህን ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። «ተጠርቻለሁ ወይ?» የሚለው ያንተ ነው፤ ኮሚቴው አይሰጥህም፣ አይነጥቅህምም። «እነዚህን ሰዎች አደራ እንስጥህ ወይ?» የሚለው ግን የነሱ ነው፤ አደራ ሰጪ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። ግዴታም አለበት፤ «አይሆንም» ሲል ምክንያቱን መናገር። አለን ጃሪናን ሲከለክላት የተናገረው ስለ መጽሐፉ ነበር፤ ስለ እሷ ስብከት፣ ስለ እሷ ሕይወት አንድም አላነሣም። ከኮሚቴ ስትወጣም እዚህ ላይ ጆሮህን ጣል አድርግ። ምክንያታቸው ስለ ሥራህና ስለ ባሕርይህ ከሆነ፣ ቢያምህም ቁጭ ብለህ አስብበት። ስለ አንተ ምንም ካልነገሩህ ግን ገና አልገመገሙህም።