መርሐ ዕውራን
በሰበታ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መርሐ ዕውራን መባሉን በሰማሁ ቁጥር፣ መሪው ማን፣ ተመሪውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ኅሊናዬን ይይዘዋል። ተማሪው በወፍራም ወረቀት ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፍና፣ ገጹን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነበዋል፤ ፊደላችን በአንድ መልክ አጣምሮ የያዘውን ድምፅ ብሬይል የተባለው ይህ በጣት የሚነበብ ጽሕፈት ተነባቢውንና አናባቢውን ለይቶ ስለሚያኖረው፣ እኛ ሳናስተውል የምናልፈውን ምሥጢር እርሱ ይዳስሰዋል። እንግዲህ የሰፈሩ ሰው በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ አስይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ (መልካም ነው፣ አልነቅፍም) ራሱን መጽዋች ብቻ አድርጎ ከቈጠረ፣ የማኅበርተኝነትን ነገር ገና አልተረዳውም። በየደብሩ ብርሃነ ዓይናቸውን ያጡ የኔታዎች ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ዓይናማውን ደቀ መዝሙር ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እርሱ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሳቸው፣ እርሳቸው በመንገድ ላይ የሳተውን ቀለም ያርሙለታል።