ነፍስ ለማዳን የሚሮጥ ቀዩን መብራት እንዴት ይለፍ?

በቂርቆስና በካዛንቺስ ለምንኖርና ለምንመላለስ ወጣቶች የአምቡላንስ ጩኸት እንግዳችን አይደለም። በኡራኤል ወይም በመስቀል አደባባይ በኩል ስናልፍ፣ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ ሳለ ሳይረኑን እያሰማ የሚያልፍ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሁላችንም አይተናል። ያን ጊዜ ሐሳባችን ሁሉ የሚሄደው በውስጡ ወዳለው ሕመምተኛ ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። የአንዱን ነፍስ ለማዳን የሚቸኩል ሰው የሌላውን ነፍስ ለአደጋ የማጋለጥ መብት አለውን?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈስሳት እናት፣ ልቡ የቆመበት አባት፣ በሚቃጠል ቤት ውስጥ የቀረ ሕፃን «ጥቂት ቆዩ» አይባሉም። ለእነርሱ ደቂቃ ማለት ሕይወት ነው። የመንገድ ሕግ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ለእነዚህ መኪናዎች ቅድሚያ የሰጠው ስለዚህ ነው። አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ እንደ ማንኛውም መኪና ቆመው ይጠብቁ ብንል ሕሊናችን አይቀበለንም።

በሌላ በኩል ደግሞ አረንጓዴ መብራት ቃል ኪዳን ነው። «እለፍ፤ ከጎን የሚመጣብህ የለም» ይላል። ሰው ሁሉ ይህን ቃል አምኖ እግሩን ያነሣል። እንግዲህ ቀዩን የሚጥሰው ሾፌር ሌሎች ያመኑትን ቃል ኪዳን እንዲለቁለት መጠየቅ አለበት፤ ሳይረኑ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሳይረን ልመና ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የለመነ ሰው ደግሞ ልመናው መሰማቱን ማየት ይገባዋል። መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ የከፈተ ነጂ ሳይረኑን ላይሰማ ይችላል። በረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ድምፁ እየተጋጨ ከየት እንደመጣ አይለይም። መስማት የተሳነው ወንድማችን ጨርሶ አይሰማውም። ሕጉ የፈቀደው ቀዩን ማለፍን ነው፤ ዓይንን ጨፍኖ ማለፍን አይደለም።

እስኪ ሒሳቡን እንመልከት። ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄዱበት 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ60 ቢሄዱበት 2 ደቂቃ። ትርፉ አንድ ደቂቃ ነው። በ60 የሚሮጥ መኪና ግን በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል፤ የመምታት ኃይሉም በ40 ከሚሄደው ከእጥፍ በላይ ነው። በአሜሪካ በግሪንቪል ከተማ ተደርጎ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሳይረንና መብራት እየተጠቀመ ወደ ሆስፒታል የሄደ አምቡላንስ ያለ እነርሱ ከሄደው በአማካይ የቀደመው በ43.5 ሴኮንድ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የእኛ መንገድ የበለጠ ስለሚጨናነቅ ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። ይሁን እንጂ መስቀለኛው ላይ ፍጥነትን ቀንሶ ግራና ቀኝ ለማየት የሚጠፋው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ግጭት ቢደርስ ግን ሕመምተኛው ሳይደርስ ይቀራል፣ ነርሷ ትጎዳለች፣ መንገደኛው ይወድቃል፤ ለሁሉም ሌላ አምቡላንስ ይጠራል። አባቶች የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። ነፍስ ግን አንድ ጊዜ ከፈሰሰች አትለቀምም።

ታዲያ ይህ እየታወቀ ስለምን ይረሳል? ሕመምተኛው ከኋላ ሲያቃስት ይሰማል፤ የቤተ ሰቡ ልቅሶ የሾፌሩን ጆሮ ይሞላዋል። በሚቀጥለው መስቀለኛ ላይ የሚሻገረው ሰው ግን ገና ስምም ድምፅም የለውም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ እግረኞች ናቸው። ያልታየን ባልንጀራ ከታየው አሳንሰን ልንመዝነው አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። በምሳሌነት የጠቀሳቸውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። የአምቡላንስ ሾፌር የሁለቱንም አደራ በአንድ መሪ ይዟል።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በሾፌሩ ላይ ጭነን ብንሄድ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። በቀዩ መብራት ላይ ሊያካክሰው የሚሞክረውን ደቂቃ ያጠፋበት ማን ነው? ዳር አልይዝም ያለው የቤት መኪና፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሰው የሚጭነው ታክሲ፣ «እኔ እስክሻገር ይቁም» የሚል እግረኛ ነው። አምቡላንስ የከፈተውን መንገድ ተከትሎ የሚሾልክም አለ፤ ይህ በሌላው ሕመም ራሱን ማስቀደም ነው። ለቀልድ ወደ 939 ወይም ወደ 907 የሚደውል ደግሞ የእሳት አደጋ መኪናውን ወይም የቀይ መስቀሉን አምቡላንስ በከንቱ አስሮጦ በየመስቀለኛው ያለውን ሰው ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ይህ ይመስለኛል። ሾፌሩ የተሰጠው አደራ ነው፤ ሌላውን ለአደጋ የማጋለጥ መብት አልተሰጠውም። አደራውም ከኋላው ስለ ተኛውም ከፊቱ ስለሚሻገረውም ነው። እኛም ሳይረን ስንሰማ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንልን እንኳ እግራችንን እንሰብስብ፤ አጠገባችን ያለውን አረጋዊና ሕፃን ክንዱን ይዘን እናቁም። እኛ ቶሎ ስንቆም ሾፌሩ ሳይጣደፍ ይደርሳልና።