የፈሰሰ ደም ተሸሽጎ አይቀርም፦ የእንግሊዞች ብሂል በአንድምታ

ንባብ፦ ነፍስ መግደል ተሸሽጎ አይቀርም።

ትርጓሜ፦ ገዳይ ኋላ ይያዛል ሲል ነው። ባለቅኔው ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት በካንተርበሪ ተረቶቹ ጽፎታል።

አንድም፤ ደም ይጮኻል ሲል ነው፤ እንደ አቤል ደም።

አንድም፤ ገዳዩን የሚያወጣው የገዛ አፉ ነው ሲል ነው። ታሪክ፦ በዮርክሻየር፣ ኔርስበራ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1745 ዳንኤል ክላርክ የሚሉት ጫማ ሰሪ ጠፋ። ብዙ ዕቃ በዱቤ ወስዶ ነበርና ኮበለለ ተባለ። በ1758 አንድ የቀን ሠራተኛ ድንጋይ ሲቆፍር የሰው አጥንት አገኘ፤ ከተማው ክላርክ ነው አለ። ባልንጀራውን ሪቻርድ ሃውስማንን አጥንቱን ቢያስይዙት፣ ይህ የክላርክ አይደለም ብሎ ተናገረ። በምን አወቀ ቢሉ፤ የክላርክ አጥንት ያለበትን ያውቅ ነበርና። ቢመረምሩት የቅዱስ ሮበርትን ዋሻ አመለከተ፤ ገዳዩ ዩጂን አራም ነው አለ። አራም ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ያጠና መምህር ነበር፤ ከሚያስተምርበት ከኪንግስ ሊን ተይዞ በ1759 በዮርክ ተሰቀለ።

የእግዚአብሔርን ጥበብ ተመልከት! መጀመሪያ የተገኘው አጥንት በእርግጥም የክላርክ አልነበረም፤ የማይታወቅ ሰው አጥንት የታወቀውን ደም አስመሰከረ። ምስክር፦ ሳኦልን ገደልሁ እያለ ወደ ዳዊት የመጣው አማሌቃዊ፤ ሽልማት ሽቶ በአፉ ሞተ። ምነው አራምን 13 ዓመት ታገሠው ቢሉ፤ ንስሐ እንዲገባ ነው። እርሱ ግን ቋንቋ ሲያጠና ኖረ። እኛም የተማርን ነን የምንል ይህን እንስማ፤ መጽሐፍ ማገላበጥ ለንስሐ ምትክ አይሆንም። ማስረጃ የለብኝም ብሎ የሚተኛ ሁሉ ማስረጃውን በምላሱ ይዞ ይዞራል።

ሃውስማን ግን በአራም ላይ መስክሮ ነፃ ወጣ። ምነው ቢሉ፤ ፍርዱ ለኋላ ቆይቶ ነው።

አንድም፤ በዕለተ ምጽአት ይገለጣል ሲል ነው፤ ከዳኛ ያመለጠ ከዚያ አያመልጥም።

አንድም፤ ለክፉ ሰው ገመድ ቢለቁለት ራሱን ይሰቅልበታል ከሚለው ሌላው ብሂላቸው ጋር ይሄዳል፤ ሐማ ለመርዶክዮስ ባስቆመው በ50 ክንዱ ግንድ ተሰቅሏልና።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ የሸሸግኸው የሸሸግሽው ካለ፣ ሌላ ሰው ቆፍሮ ሳያወጣው ዛሬውኑ ለንስሐ አባት ተናገሩ፤ የበደላችሁትንም ካሱ።